ሁለቴ ሦስት ያለው ሰዓት

እናቴ አንድ የሰዓት ማማ ሥር ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብቃኛለች። ይሄው ዓመት አለፈው፤ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማ የምትኖረው እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ነው። እኔ ደግሞ ያፋ ውስጥ አንዲት አሮጊት እጦራለሁ። የእማ የቅርብ መነጽር ተሰብሮ ስለነበር አንድ ዋጋው የማይጎዳ መነጽር ቤት ልወስዳት ፈለግኩ። ማታ ደወልኩላት። «እማ፣ ነገ በሦስት ሰዓት ያፋ ነይ። ሰዓቱ ጋ እንገናኝ» አልኳት። «እሺ ልጄ፣ ሦስት ሰዓት» አለች። መርቃኝ ዘጋችው።

ያወራነው በአማርኛ ነው። ችግሩ፣ እኔ በአማርኛ እያወራሁ የማስበው በዕብራይስጥ ነበር። ሦስት ያልኩት ከሥራ የምወጣበትን ሰዓት ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። እማ ግን የሰማችው ሦስት ሰዓትን ነው። ጠዋት፣ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ ወደ ጉዳዩ የሚወጣበት ሦስት ሰዓት።

በሁለት አውቶቡስ መጣች። ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ትረሳለች፣ ያን ቀንም ረስታለች። ወሩ ሐምሌ ነው። የያፋን የሐምሌ ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ላብ ላብ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ከማማው ማዶ ካሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ላይ እማ ነጠላዋን ተከናንባ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የቆሎ ከረጢት አለ፣ ተጋምሷል። የቀረውን ግማሽ የበላው ባለሱቁ ይመስለኛል። ወንበሩን የሰጣት እሱ ነው። እሱ በአረብኛ፣ እሷ በአማርኛ ሲጨዋወቱ ነው የደረስኩባቸው። ምን ይባባሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«መጣሽ?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም።

«እማ! መቼ ነው የመጣሽው?»

«በሦስት ሰዓት ነዋ። እንዳልሽኝ።»

ሰው ሲያጠፋ ይቆጣል፤ እኔም ተቆጣሁ። በሕዝብ መሀል ጣቴን ወደ ማማው ቀሰርኩ። «ያንን እዪዋ! ሦስት ሰዓት ገና አሁን ሊሆን ነው!» አልኳት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

እማ ቀና ብላ አየችው። ቀስ ብላ፣ በቀኝ እጇ ፀሐይዋን ከልላ። «አይቼዋለሁ» አለች። «ስመጣም ሦስት ብሎ ነበር። አሁን ደግሞ ሦስት ሊል ነው። ዛሬ ሁለቴ ሦስት አለ። እኔ የፊተኛውን ያዝኩ።»

ተጃጅላ መሰለኝ። ከዚያ በጣቷ አሳየችኝ። አጭሩ ቆጣሪ ዘጠኝ ላይ ሲሆን ጅራቱ ወዴት ነው? ወደ ሦስት። አሥር ላይ ሲሆን ወደ አራት። እማ ይቺን አገር ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ የፈረንጁን ሰዓት ሁሉ በጅራቱ ነው የምታነበው። የክሊኒኩን፣ የአውቶቡስ ጣቢያውን፣ የምኩራቡን። ማንም አላስተማራትም። እኔም ልጇ ሆኜ አላውቅም ነበር።

መነጽር ቤቱ ከመሄዳችን በፊት አንዴ ዞር ብላ ማማውን አየችና «የማን ሰዓት ነው ግን?» አለች። የከተማው ነው አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መልሱ እንዳልጣማት ገባኝ።

የማን ነው?

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያፋ የምሠራው ለዓመታት ነው። በዚያ ማማ ሥር በቀን ሁለቴ አልፋለሁ። ከቀጠሮ ቦታነት ሌላ ስለ እሱ የማውቀው ነገር አልነበረም። ስልኬን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው። ስለ ሰዓት እየተጨቃጨቅን በካሌንደር ደግሞ አንጣላ።)

ያፋ ያኔ የኦቶማን ቱርኮች ናት። በ1900 ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ በዙፋን ላይ 25 ዓመት ሞላው። ለበዓሉ በግዛቱ ብዙ ከተሞች የሰዓት ማማ ተሠራ። ሐውልት አይደለም፣ ምንጭ ብቻ አይደለም፣ ሰዓት። እዚህ አካባቢ ብቻ ሰባት ይቆጠራሉ፦ ጸፋት፣ አኮ፣ ሐይፋ፣ ናዝሬት፣ ናብሉስ፣ ያፋና ኢየሩሳሌም። የያፋው መሠረት በመስከረም 1900 ተጣለ፤ ያለቀው በ1903 ነው።

የደነቀኝ ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች ናቸው። ሐሳቡን ያመጣው ዮሴፍ ቤይ ሞያል የሚባል የያፋ ይሁዲ ነው። የከተማው ሰው፣ አረቡም ይሁዲውም፣ አዋጣ። ሰዓቱን የገጠመው ሞሪትዝ ሾንበርግ የሚባል የሰዓት ባለሙያ ነው። ስለዚህ ለእማ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነበር፦ በስሙ የሱልጣኑ፣ በኪሱ የያፋ ሰው። እኛ አገር ቢሆን ዕቁብተኛውና ዕድርተኛው ተሰብስቦ እንደሠራው ቁጠሩት።

ለምን ሰዓት? ያፋ ወደብ ናት። መርከብ አለ፣ ፖስታ አለ፣ ከ1892 ጀምሮ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ባቡር አለ። ባቡር ደግሞ «ጥላው ሲዞር እመጣለሁ» አይልም። ሰዓት የሌለው ሱልጣን ኋላቀር ይባል ነበር። ማማው ዘመናዊ ነን ማለቻ ነው።

አደባባዩ ያየው

በዕብራይስጥ ኪካር ሃሻዖን ይሉታል፤ የሰዓቱ አደባባይ። ቱሪስት ሲያልፍ ማማውን ብቻ ፎቶ ያነሳል። እኔ አሁን አሁን ዙሪያውን ነው የማየው።

በአንድ በኩል የማሕሙዲያ መስጊድ አለ። ከማማው በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አቡ ነቡት የሚባለው የከተማው ገዥ ነው አሁን ባለበት መልክ ያሠራው። አለፍ ሲል ቂሽሌ አለ፤ የቱርኮች ፖሊስ ጣቢያና እስር ቤት የነበረው። ከቱርክ በኋላ እንግሊዝ፣ ከእንግሊዝ በኋላ እስራኤል ሰው አስረውበታል። ዛሬ የቅንጦት ሆቴል ነው። ሰው ድሮ ልውጣ ብሎ የሚለምንበት ቤት አሁን ለመግባት ብዙ ብር የሚከፈልበት ሆነ። ይሄን ለእማ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ወዲህ ደግሞ ዓምዶች ያሉት የሕንፃ ፊት አለ። ሳራያ ይባላል፣ የቱርኮች የመንግሥት ቤት፣ 1897። ፊቱን አይተህ ሙሉ ሕንፃ ይመስልሃል። ከኋላው ግን ያ ትልቅ ቤት የለም። ጥር 4 ቀን 1948 ሌሂ የሚባለው የይሁዲ ታጣቂ ቡድን ፈንጂ የሞላ የጭነት መኪና አምጥቶ አጠገቡ አቆመ። ሕንፃው ፈረሰ፣ ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ከተማው እጁን ሰጠ። 70,000 ገደማ ከሚሆነው የያፋ አረብ የቀረው 4,000 ያህል ነው። ማማው ላይ ዛሬ የሚታየው ጽሑፍ ያፋን ለመያዝ በተደረገው ውጊያ የወደቁትን እስራኤላውያን የሚዘክር ነው። አረብና ይሁዲ ባዋጡት ድንጋይ ላይ። እማን ወንበር ሰጥቶ ቆሎዋን የበላው ሰውዬ አያቱ ከአዋጡት ይሁን፣ ከቀሩት ከ4,000 ወገን ይሁን እንጃ። አልጠየቅኩትም። እንዴት ብዬስ እጠይቀዋለሁ?

በ1950 ያፋና ቴል አቪቭ አንድ ማዘጋጃ ቤት ሆኑ። በ1966 ማማው ታደሰ፣ ሰዓቶቹም ተቀየሩ። አሪዬ ኮረን የሚባል ሠዓሊ የያፋን ታሪክ የሚያሳዩ የሞዛይክ መስኮቶች ሠራለት። እኔና እማ ጣታችንን የቀሰርንበት ሰዓት እንግዲህ ከሱልጣኑ ጊዜ ያልነበረ፣ በኋላ የመጣ ነው። እንደ እኛው።

ኢየሩሳሌም ላይ የነበረው

እስከዚህ ድረስ ያነበብኩት ታሪክ ነው። ስለዚህ ማማ ደንበኛ ቱሪስት አስጎብኚ የሚያውቀውን ነው የነገርኳችሁ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ያደረገኝ ነገር የመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ስለ ኢየሩሳሌሙ ማማ ሳነብ ነው።

ያፋ በር ላይ፣ አሮጌው ከተማ መግቢያ፣ በ1908 አካባቢ የቆመ ሌላ የሰዓት ማማ ነበር። አራት ፊት ነበረው። ሁለቱ ፊት በአውሮፓ ሰዓት ይቆጥራሉ። ሌሎቹ ሁለት ፊቶች በአገሬው ሰዓት።

የአገሬው ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው? ፀሐይ ስትገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ፣ ምሽት አንድ ሰዓት። ሁለት ሲያልፍ፣ ሁለት ሰዓት። እኩለ ቀን ላይ ቆጣሪው ስድስት አካባቢ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። እንደገና ደገምኩት። ይሄ እኮ እማ ናት!

ኦቶማኖች እንዲህ ነበር የሚቆጥሩት። አላቱርካ ይሉታል፣ የቱርክ ሰዓት። የአውሮፓው አላፍራንጋ ነው፣ የፈረንጅ ሰዓት። እኛም የፈረንጅ ሰዓት ነው የምንለው፣ አይደል? በ1908 ከዴር ሱልጣን የወጣ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ያፋ በር ድረስ ተራምዶ ቀና ቢል ኖሮ የአገሬውን ፊት ያለ አስተርጓሚ ያነበው ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ከሆነ በደቂቃም እምብዛም አይሳሳት።

ልዩነት አለው፤ አለመናገር ደግ አይደለም። የእኛ ሰዓት ቋሚ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል ባንድ ሰዓት ወጥታ ባንድ ሰዓት ትገባለች። ስለዚህ አሥራ ሁለት ብለን ተክለን ተውነው። እዚህ ግን የታኅሣሥ ቀን አሥር ሰዓት፣ የሰኔው አሥራ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ዛሬ የገባችበት ደቂቃና ነገ የምትገባበት አይገጥምም። የአላቱርካ ሰዓት ያለው ሰው ታዲያ ሰዓቱን በየቀኑ ወይ በየጥቂት ቀኑ ማስተካከል ነበረበት። በትልልቅ መስጊዶች ይሄን ብቻ የሚሠራ ሙወቂት የሚባል ሰው ነበር።

እንግሊዞች በ1917 መጨረሻ ኢየሩሳሌም ገቡ። በ1922 ማማውን አፈረሱት። ለጥንታዊው ግንብ አይመጥንም፣ መልኩን አበላሸው ብለው ነው። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ለመልክ ብለው እንጂ ሰዓቱን ጠልተው አይመስለኝም። ቢሆንም፣ የአገሬው ሰዓት የነበረባቸው ሁለቱ ፊቶችም አብረው ወረዱ። ቱርክ ራሷ በ1926 አላቱርካን በሕግ ጣለችው። ይኸው ነው። ማልቀሻም መፈንጠዣም የለውም። ቆጠራው ቆመ።

ስምንት ሰዓት ትምህርት አለ

ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው።

ግንቦት 1991 ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ባመጣው በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዓርብና ቅዳሜ ነበር፤ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 ሰው በላይ ተጓጓዘ። በመርካዝ ክሊታው፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት ማዕከል፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አስተርጓሚ መጥቶ «ነገ ስምንት ሰዓት ትምህርት ይጀመራል» አለን። ቃል በቃል ተርጉሞ ነው። በማግስቱ የተገኘነው በስምንት ሰዓት ነው፣ በራሳችን ስምንት። ከምሳ በኋላ። ታጥበን፣ ተቀባብተን፣ ደብተር ይዘን። አስተማሪዋ ሄዳለች። በሩ ተቆልፏል። የበር ጠባቂው ሳቀብን።

ያን ሳቅ ልረሳው አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ እኔ ቆጠራዬን ቀየርኩ። አንድ ቀን ተቀምጬ ወስኜ አይደለም፤ እንዲያው ለቀቀኝ። ዕብራይስጡ ሲገባ ሰዓቱም አብሮ ገባ። ለእማም ደጋግሜ «እዚህ እንደዚህ ነው የሚቆጠረው፣ ልመጂ» እላት ነበር። አንዳንዴ በቁጣ። እሷ «እሺ» ትላለች። ቀጠሮ አታሳልፍም፣ አውቶቡስ አያመልጣትም። ለመደች ብዬ ነበር። ለካስ ጅራቱን እያየች ነው!

ዓርብ ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰንበት የሚገባው በፀሐይ ነው። የመግቢያው ሰዓት በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ጋዜጣው ያወጣዋል፣ ሬዲዮው ይናገራል፣ ሁሉም ቤት ማቀዝቀዣ ላይ ለጥፎታል። ኢየሩሳሌም ከቴል አቪቭ ትቀድማለች። ጀርመንኛ የሚናገረውም ከሞሮኮ የመጣውም ዓርብ ዓርብ ፀሐይ እያየ ነው የሚሮጠው። አያቴ ጎንደር ውስጥ እሳቷን ለማጥፋት ፀሐይዋን ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ ታይ ነበር፤ ሰዓት አልነበራትም። ስለ አላቱርካ ሳነብ፣ በሳምንት አንዴ መላው አገር ሳያውቀው ወደዚያ ቆጠራ ይመለሳል አልኩ ለራሴ። የመስጊዱ አዛንም ያው ነው፤ መግሪብ፣ የምሽቱ ጸሎት፣ ፀሐይን እንጂ ማማውን አይጠብቅም።

ለእማ ነገርኳት

በሳምንቱ ረሆቮት ሄጄ ቡና ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሱልጣኑን፣ ሁለቱን ፊት፣ ሙወቂቱን። አሥራ ሁለት ሰዓት ፀሐይ መግቢያ መሆኑን ስነግራት ትገረማለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተገረመችም።

«ታዲያ በስንት ሊሆን ኖሯል?» አለች።

የተገረመችው በማስተካከሉ ነው። «በየቀኑ?» አለች ስኒውን አስቀምጣ። «በየቀኑ ሰዓት ሲያዞሩ ሊውሉ? ሥራ የላቸውም እንዴ? የእኛው ይሻላል። አንዴ ሞልተሽ ትተዪዋለሽ።»

ይሄን የምትለው ከወጥ ቤቷ ግድግዳ ሰዓት ሥር ተቀምጣ ነው። ያን ሰዓት ከገበያ የገዛችው እሷ ናት፣ በእኛ ቆጠራ ሞልታ የሰቀለችውም እሷ። ከተሰቀለ ጀምሮ ባትሪ ከመቀየር በቀር ማንም አልነካውም። ዓመቱን ሙሉ ከጎንደሯ እህቷ ሰዓት ጋር ልክ ይገጥማል። ብርዱ ሲመጣ ግን እስራኤል ሰዓቷን አንድ ወደኋላ ትመልሳለች። የእማ ሰዓት ያኔ ከእዚህ አገሩ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሁልጊዜ ላስተካክለው እነሣለሁ፣ ሁልጊዜ ትከለክለኛለች። «እሱ ምን አጠፋ? የተንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው» ትላለች።

መነጽሯ ደረሰላት፣ በደንብ ታያለች። ባለፈው ለቁጥጥር እንመለስ ተባልንና ደወልኩላት።

«እማ፣ ሐሙስ በሦስት ሰዓት፣ ሰዓቱ ጋ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «በአፉ ነው በጅራቱ?»

«በጅራቱ» አልኳት።

ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ጠዋት፣ በጅራቱ ሦስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ባለሱቁ አየኝና ወንበሩን አወጣልኝ። እማ የመጣችው በሦስት ተኩል ነው። አውቶቡሱ ነው አለች።